መልስ፦ ፕሪንሲፔ ላይ አንድ ቀን ምን ይታያል?

አቦ እንኳን ደስ አላችሁ! ከባለቤትህ ጋር በመርከብ ስትጓዙ ከአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ወዲያ ባለችው ፕሪንሲፔ ደሴት ላይ ለአንድ ቀን እንደምትወርዱ ጽፈህ፣ «ምን እንይ? ሙቀቱስ እንደ ድሬ ነው?» ብለሃል። እኔም የከዚራ ልጅ ነኝ፤ መርከብ ላይ ስሠራ ደሴቷን ረግጫለሁ።

ሙቀቱ የኛን አይመስልም። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ጥላ ስር ስትገባ ይለቅሃል። የዚያኛው እርጥብ ነው፤ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተለጥፎ ይውላል።

ትልቅ መርከብ ባሕር ላይ ይቆምና በትንንሽ ጀልባ ያወርዷችኋል። ማዕበል ካለ መውረዱ ሊሰረዝ ስለሚችል ቀድማችሁ ውረዱ። ከተማዋ ሳንቶ አንቶኒዮ ሚጢጢ ናት፤ በእግር ቶሎ ታልቃለች። እኔ ብሆን ሰዓቴን ሮሳ ሱንዲ ላይ ነው የማሳልፈው። የድሮ የፖርቹጋሎች የካካዎ እርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ኤዲንግተን፣ ስበት ብርሃንን ያጎብጣል የሚለውን የአይንስታይንን ሐሳብ ለመፈተን የፀሐይ ግርዶሽ ፎቶ ያነሳው እዚያ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ዝናብ ወርዶ፣ ደመናው ለጥቂት ፎቶ ብቻ ነው ፋታ የሰጠው!

የካካዎ ፍሬ ሲሰበር ካገኛችሁ ቅመሱ። ነጩ ውስጡ ጊሽጣ ይመስላል። እንደ ጊሽጣ እየመጠጥክ ፍሬውን ትተፋለህ፤ ጣፋጭም ጎምዛዛም ነው። ቸኮሌት ቸኮሌት ግን አይልም።

ዝርዝር ዩሮ ያዙ። የቢጫ ወባ ካርድ አትርሱ፤ ስለ ወባ መድኃኒትም ሐኪም ጠይቁ። ሰዉ «ሌቬ ሌቬ» ይላል፤ ቀስ በል ማለት ነው። ድሬ በበርጫ ሰዓት በለው። የመጨረሻዋ ጀልባ ግን ሌቬ ሌቬ አታውቅም፤ ሰዓቷን ስትወርዱ ጠይቁ።