ወደ ሥነ ልቡና ባለሙያ መሄድ የእምነት ማነስ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ወንድሜ በመኪና አደጋ ከጎኔ ተቀምጦ ሳለ ዐረፈ፤ እኔ ተረፍኩ። ከሆነ ዓመት አልፎታል። ሌሊት በቅዠት እነቃለሁ፤ ፍሬን ሲጮኽ ልቤ ቀጥ ይላል፤ መኪና ውስጥ መግባት አቅቶኛል። «አብረን እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» እያልኩ ስንት ጊዜ ንስሐ ገባሁ፤ ሸክሙ ግን አልወረደልኝም። ጓደኛዬ የሥነ ልቡና ባለሙያ እንዳማክር ትለምነኛለች። ሌሎች ደግሞ «አማኝ እንዲህ አያዝንም፤ ጸሎት ይበቃሻል» ይሉኛል። ብሄድ እግዚአብሔርን መጠራጠር ይሆንብኛል? ምሥጢሬን ከንስሐ አባቴ ውጪ ለሌላ ሰው መናገርስ ይገባል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የወንድምሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ። ባለሙያዋን አማክሪ፤ እግዚአብሔርን መጠራጠር አይሆንብሽም።

«አማኝ እንዲህ አያዝንም» የሚሉሽ ሰዎች የሐዋርያውን ቃል ግማሹን ይዘው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የጻፈው «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ብሎ ነው (1ኛ ተሰ. 4፥13)። ተስፋ መቁረጥን ከለከለ እንጂ እንባን አልከለከለም። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ሕመሙ እጅግ እንደበረታ ባዩ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት ተቀመጡ፤ የበደሉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። አጽናኞችሽ የእነዚያን ሰባት ቀናት ዝምታ ቢማሩልሽ እወድ ነበር።

ስለ ሐኪም የጠየቅሽውን ደግሞ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ አንብቢ። ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል፤ የታመመውንም ጸልይ ይለዋል፣ ከዚያ ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይለዋል። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ ለሞተ ሰው እንድናለቅስ ያዝዛል፤ ልክ ያለፈ ኀዘንም ሰውን እስከ ሞት እንደሚያደርስ ያስጠነቅቃል። ጠቢቡ ሐኪሙንና ኀዘንተኛውን በአንድ ምዕራፍ ማስቀመጡ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። ደጋግመሽ ንስሐ ገብተሽ ሸክሙ ያልወረደው ንስሐሽ ስላልተሰማ አይደለም። ወንድምን «አብረን እንሂድ» ማለት ኃጢአት አይደለም። ካህን የሚፈታው የኃጢአትን እስራት ነው፤ አንቺን የያዘሽ ግን ቁስል ነው። እንዲህ ካለ አደጋ የተረፈ ሰው ራሱን መክሰሱ የተለመደ ነው፤ «ላስቀረው እችል ነበር» ብሎ ራስን መውቀስ «በእጄ ምንም አልነበረም» ብሎ ከመቀበል ለአእምሮ ይቀልለዋልና። ይህን ክስ ከእውነቱ ጋር አስተያይቶ ቀስ በቀስ መፍታት የባለሙያዎቹ ዋና ሥራ ነው። በቅጡ የሠለጠነች ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን አደጋውን በዝርዝር ተናገሪ ብላ አታስጨንቅሽም። መጀመሪያ እንቅልፍሽንና ትንፋሽሽን፣ ድንጋጤው ሲመጣ ራስሽን የምታረጋጊበትን መንገድ ታስይዝሻለች፤ ወደ ትዝታው የምትገቡት አቅምሽን እያየች ነው።

ቅዠቱ፣ መደንገጡና ከመኪና መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ባለሙያዎች እንደ ሕመም ያዩታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በጉዳቱ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናን ይመክራል። ለሕመሙ ስም የምትሰጠው የምትመረምርሽ ባለሙያ ናት፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አልሰጥሽም።

ምሥጢርሽን በተመለከተ፣ ለባለሙያ መናገር ኑዛዜን አይተካም፤ ኑዛዜም ሕክምናን አይተካም። እርሷ ኃጢአትን ልትፈታ ሥልጣን የላትም፤ ንስሐ አባትሽም ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና አልሠለጠኑ ይሆናል። ባለሙያ የሰማችውን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ አለባት፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ለሌላ ልትናገር ትችላለች። ይህን በመጀመሪያው ቀን ጠይቂያት። እምነቷ ከእምነትሽ ቢለይ አትስጊ፤ ጸሎትሽን የምታቃልልብሽ ከሆነ ግን ሌላ ፈልጊ። የሥነ አእምሮ ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልሽ ስለ ጾምሽ ንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም።

አንድ ነገር አልጻፍሽልኝም፣ እኔ ግን እጠይቅሻለሁ። «እኔም በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል? ከመጣ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ተናገሪ፣ ሐኪም ቤትም ሂጂ፤ ብቻሽን አትደሪ። ነቢዩ ኤልያስም ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ለምኗል (1ኛ ነገ. 19)። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። አስተኛው፣ መልአክ ልኮ አበላው፣ ደግሞም አስተኛው፣ ደግሞም አበላው፤ በቃል ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ቀጠሮውን ጓደኛሽ ትያዝልሽ፣ በመጀመሪያው ቀንም አብራሽ ትሂድ። መኪና መግባት ካቃተሽ በእግር ሊደረስበት የሚችል ቦታ ምረጡ፤ እርሱም ካልሆነ በስልክ የሚያነጋግሩ ባለሙያዎች አሉ። ይህን መልስ ለንስሐ አባትሽ አሳያቸው፤ ሕክምናሽን ሲያውቁት በጸሎትም በምክርም ከጎንሽ መቆም ይቀላቸዋል።