መሪው አየር ላይ እምቢ ሲል፦ ጠይቁኝ

ለበዓል ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ። ትናንት ቡና ላይ የአክስቴ ልጅ «ትንሿ አውሮፕላን አየር ላይ መሪዋ ቢበላሽ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ። መልሱን ሳልጨርስ ቡናው በረካ ደረሰ። ስለዚህ እዚህ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ያበረርኩትም ያስተማርኩትም ባብዛኛው ሴስና 172 ላይ ነው፤ አንድ ሞተር፣ አራት ወንበር።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ መሪው ከተበላሸ አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ አይወርድም እንዴ?

አይወርድም። ትሪሙ (ጭራው ላይ ያለችው፣ መሪውን ሳትይዘው አፍንጫው ባለበት እንዲቆይ የምታደርገው ትንሽ ክዳን) በደንብ የተስተካከለ ትንሽ አውሮፕላን እጅህን ብትለቅለት እንኳ ፍጥነቱን ይዞ ይሄዳል። ችግሩ ሰው ደንግጦ መሪውን ሲታገል ነው። እኔ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ የነካኸው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክዳን) ስታወርድ አንዱ ክንፍ ላይ ወርዶ ሌላው ላይ ቢቀር፣ አውሮፕላኑ ወዳልወረደው በኩል ይጋደላል። ያኔ ምርመራ የለም፤ ፍላፑን ወዲያው ወደነበረበት ትመልሳለህ፣ ያለ ፍላፕ ፈጠን ብለህ ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ላይ ታርፋለህ።

ከመሐል ሜዳ፦ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኬብል ቢበጠስስ?

ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው። የመንዝ ሰው ስለሆንክ ፈረስ ታውቃለህ። ልጓም ቢበጠስ ፈረሱን በተረከዝና በሰውነትህ ሚዛን ትይዘዋለህ እንጂ አትዘልም አይደል? እዚህም ኤሌቬተር (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጭራ ክዳን) ባይኖርህ ትሪምና ሞተር አለህ። የ172 መመሪያ የሚለው እንዲህ ነው፦ ፍላፕ 20 ዲግሪ አውርድ፣ በትሪምና በነዳጅ እንደ ሞዴሉ 60 ወይም 65 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) አካባቢ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ አድርገው፣ ከዚያ በኋላ ትሪሙን አትንካ። መውረድ ስትፈልግ ነዳጅ ቀንስ፣ መውጣት ስትፈልግ ጨምር፣ በቃ። ታርማበርን በጭነት መኪና የሚወርድ ሾፌር ፍሬን ላይ ከመቆም ማርሽ ቀንሶ በሞተር እንደሚይዘው ማለት ነው።

ክፉው ቦታ መጨረሻዋ ላይ ነው። መሬት ልትነካ ስትል ነዳጁን ድንገት ብትዘጋ አፍንጫው ይደፋና በፊት ጎማ ታርፋለህ። ስለዚህ እዚያች ሰዓት ትሪሙን እስከመጨረሻው «አፍንጫ ወደ ላይ» ወደሚለው ታዞራለህ፣ ነዳጁን እያስተካከልክ ቀና ታደርገዋለህ፣ ሙሉ በሙሉ የምትዘጋው ጎማ ሲነካ ብቻ ነው። ደግሞ ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት አጠገብ እንዳትሞክረው። ላይ ሆነህ፣ ከፍታ ሳለህ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነክተህ ምን እንደሚታዘዝልህና ምን እንደማይታዘዝልህ እወቅ።

ያው ሰው፦ ባይበጠስ ግን ቢጣበቅስ? ያው አይደለም?

አይደለም፤ ብዙ አብራሪም እዚህ ጋ ይሳሳታል። ኬብሉ ተበጥሶ ኤሌቬተሩ ልል ከሆነ ትሪሙ እንደወትሮው ይሠራል። ኤሌቬተሩ ራሱ ተጣብቆ ከቆመ ግን ትሪሟ ለብቻዋ እንደ ትንሽ ኤሌቬተር ትሆናለች፣ ሥራዋም ይገለበጣል፦ አፍንጫ ወደ ላይ ብለህ ስታዞር አፍንጫው ወደ ታች ይላል። ጉልበቷም ትንሽ ነው። በጥቂቱ ሞክር ያልኩህ ለዚህ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ግራና ቀኙስ?

ኤለሮን (ክንፉ ላይ ያለው፣ ግራና ቀኝ የሚያጋድለው ክዳን) እምቢ ካለ በእግር ረደሩን (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የቋሚ ጭራ ክዳን) በቀስታ ትረግጣለህ፤ አፍንጫው ሲዞር ክንፉም ተከትሎ ይጋደላል። መዞሪያህን ሰፊ አድርገው። ረደር ከተጣበቀ ደግሞ ንፋስ ምረጥ። ወደ ግራ ተጣብቆ ከሆነ ከቀኝ የሚነፍስበትን ማኮብኮቢያ ፈልግ፣ ምክንያቱም ከቀኝ ለሚመጣ ንፋስ ድሮም ቀኝ ክንፍህን ዝቅ አድርገህ ግራ ረደር ረግጠህ ነው የምታርፈው። ብልሽቱ ግማሹን ሥራ ሠራልህ ማለት ነው።

ከጠባሴ፦ የኛ ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

በጣም! ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባለት) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። መለኪያህ 60 ኖት ሲልህ አየሩ ውስጥ በእውነት የምትሄደው ወደ 70 ነው፣ ስለዚህ መሬት ላይ ሩጫህም ይረዝማል። እኔ ብሆን መሪ ተበላሽቶብኝ ደጋው ላይ ለማረፍ አልቸኩልም፤ ወደ ዝቅተኛው አገር እወርዳለሁ። ግን በታርማበር አፋፍ ተጠግቼ አይደለም። ንፋሱ ከደጋው ወደ ቆላው ሲነፍስ ከገደሉ ሥር ቁልቁል የሚጫን አየር አለ፣ ጭጋጉን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰፋ አድርጌ፣ በቀን ብርሃን፣ በሬዲዮ «ሜይዴይ» ብዬ ድረሱልኝ እያልኩ፣ ትራንስፖንደር (ለራዳር ማንነትህን የሚናገር መሣሪያ) ላይ የአደጋ ኮዱን 7700 መትቼ። ማንም የማይሰማህ ከሆነ የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ መስመሩ 121.5 አለ።

ከደነባ፦ የቢሾፍቱው አደጋ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ነው፣ 157 ሰው አጥተናል። እዚያ የተሳሳተ መረጃ የተቀበለ ኮምፒውተር ነበር ጭራውን ደጋግሞ አፍንጫ ወደ ታች ያዞረው። የኛ ትንሽ አውሮፕላን ያ ሥርዓት የለውም። ኤሌክትሪክ ትሪም ያለው ግን በራሱ ሊዞር ይችላል። መሪውን አጥብቀህ ያዝ፣ አውቶፓይለቱን አጥፋ፣ የትሪሙን ሰርኪት ብሬከር (ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን ቁልፍ) ንቀል፣ ፍጥነትህን ቀንስ። ፍጥነት ሲጨምር መሪው ላይ ያለው ጭነት እየከበደ ክንድህን ያዝለዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ሁሉም መሪ አንዴ ቢጠፋስ?

እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ሱ ሲቲ ላይ አንድ ዲሲ-10 የተባለ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ሃይድሮሊኩን (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰውን የዘይት ግፊት) በሙሉ አጥቶ በሁለት ሞተር ነዳጅ ብቻ እየተመራ ደርሷል፤ ከ296 ሰው 184 ተርፈዋል። አንድ ሞተር ላለው ይሄ አይሠራም፣ ግራና ቀኝ የምታበላልጠው የለህምና። ደግነቱ የኛ መሪዎች ኬብሎች ለየብቻቸው ስለሆኑ አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ።

ያው ሰው፦ መሬት ላይ እያለ አይታወቅም?

ብዙው ይታወቃል! መሪውን ይዘህ ሁለቱን አውራ ጣት ወደ ላይ ቀስር። ወደ ግራ ስታዞር ጣትህ ወደ ግራ ይጠቁማል፣ ቀና ማለት ያለበትም የግራው ኤለሮን ነው። ከጥገና በኋላ ኬብል ተገላቢጦሽ ታስሮ የተነሱ አሉ። የቆመ አውሮፕላን መሪ በንፋስ እንዳይንገላታ የሚሰካ ሽቦም አለ። እኔ ተማሪ ሳለሁ እሱን ሳልነቅል እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ሄጃለሁ። አስተማሪዬ አይቶ ዝም። ጫፉ ላይ ስንደርስ «እንነሳ?» አለኝ። መሪውን ሳብኩ፣ ወይ ፍንክች! አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

እማማ፣ በልጅ ልጃቸው ስልክ፦ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ እያወቅህ ለምን ትወጣለህ?

እማማ፣ እርስዎ ባለፈው ሳምንት ታርማበርን ማታ፣ በጭጋግ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ወርደው የለ? እኔ እሱን አልደፍረውም።