«ስተሻል» ሲሉኝ ለምን ሁሉም ይጠፋኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። የቡና ቅምሻ እየተለማመድኩ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ልክ ስቀምስ ቆይቼ አለቃዬ «ይሄኛውን ስተሻል» ካለኝ አለቀልኝ፤ የማውቀውን ጣዕም እንኳ እጠራጠራለሁ፣ የሰጠሁትን ነጥብ ሁሉ እሰርዛለሁ። ጓደኛዬ «ሴሮቶኒን አንሶሽ ነው፣ ሙዝ ብዪ» ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ ሙዙን ከወደድሽው ብዪ፣ ግን ለዚህ ብለሽ አይሁን። ሴሮቶኒን የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው። ሙዝ ውስጥም አለ፤ ከደም ወደ አንጎል ግን አያልፍም። አንጎል የራሱን የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከተባለ፣ ከምግብ ከምናገኘው አሚኖ አሲድ ነው።

ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ አልሳተችም። ሴሮቶኒን «የደስታ ኬሚካል» ተብሎ ስም ቢወጣለትም፣ ከስህተት በምንማርበት መንገድም እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ጤነኛ ሰዎች የአንጎል ሴሮቶኒናቸው ለጥቂት ሰዓታት ዝቅ እንዲል ተደረገ። ቅጣት ሊመጣ መሆኑን መገመት ላይ ተሻሉ፤ ሽልማት መገመት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። አነሰ ማለት ታዲያ ራስ ደነዘዘ ማለት አይደለም። ደግሞስ አንቺ ጋ ማነሱን በምን አየችው?

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከስህተት መማርን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት አንድ ጨዋታ ሆን ብሎ ይዋሻል፤ ትክክለኛውን መርጠሽም ከ10 ጊዜ 2ቱን ያህል «ስህተት» ይልሻል። ጎበዙ አንድ «ስህተት» ሰምቶ ወዲያው የሚቀይረው ሳይሆን ሲደጋገም የሚቀይረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታሎፕራም የተባለውን፣ ሴሮቶኒን ላይ የሚሠራ የድብርት መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ የወሰዱ ጤነኛ ሰዎች እንዲህ ያለው ጨዋታ ከበዳቸው።

የአንቺም ጠረጴዛ እኮ እንደዚያው ነው። ከአንድ ናሙና 5 ስኒ ይቀዳል፣ አንዲት የተበላሸች ፍሬ አንዱን ስኒ ብቻ ታበላሻለች፣ አንቺ ንጹሑን አለቃሽ የተበላሸውን ቀምሳችሁ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስለዚህ «ስተሻል» ሲልሽ እርሳሱን አታንሺ። «የቱ ስኒ ነው? ምን አገኙበት?» ብለሽ ጠይቂ፣ እሱኑ ስኒ ደግመሽ ቅመሺ፣ ከዚያ የዚያን ናሙና ነጥብ ብቻ አስተካክዪ። የሌሎቹን ተዪያቸው።

ነገሩ ከሥራ አልፎ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ ሐኪም አማክሪ። በጓደኛ ምክር ግን ከፋርማሲ ክኒን ገዝተሽ እንዳትጀምሪ፣ አደራ።