«ለጊዜው ነው»

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ካሸር ነበርኩ። ምድር ቤት፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል። በክረምት እግሬ ሥር ሂተር፣ ከጎኔ የሻይ ፔርሙስ። ከላይ ባለው ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች በወር እየከፈሉ መኪናቸውን ያቆማሉ።

አንድ ቀን ለአንዱ መሥሪያ ቤት የሚላከውን የወር ሒሳብ ሳየው ሁለት የፓርኪንግ ካርድ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ነገርኳት። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ሒሳብ የት ተማርክ?» አለችኝ። ከአዲስ አበባ የአካውንቲንግ ዲግሪ እንዳለኝ ነገርኳት።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ለጊዜው ነው።»

«ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?»

ዘጠኝ ዓመት ለማለት አፌ ተሳሰረ። «ትንሽ ቆየሁ» ብዬ ዋሸሁ።

ማታ ቤት ስገባ በዲቪ ስመጣ የያዝኩትን ካኪ ፖስታ ከሻንጣ ሥር አወጣሁት። የዲግሪዬ ማኅተም እንኳ አልደበዘዘም።

ሰነፍ ነበርኩ እንዳትሉኝ። ደብል፣ ማለትም ሁለት ፈረቃ፣ እሠራ ነበር፤ በሳምንት ሰባ ሰዓት የሞላሁበት ጊዜ ብዙ ነው። እናቴን ጦሬያለሁ፣ እቁብ ጥያለሁ፣ ከለቅሶም ከሠርግም አልቀረሁም። የእኛ ሰው እየሮጠ ነው የሚዘናጋው። ስለደከመን ብቻ ወደፊት የሄድን ይመስለናል። «ተመስገን» እንላለን። ተመስገን ማለት ደግ ነው፤ እኔ ግን «እስከ መቼ?» የሚለኝን ሰው አፍ ለማስያዝ ነበር የምጠቀምባት።

በፓርኪንግ ሥራ አላፌዝም፤ ስንቱን ቤተሰብ አቁሟል። ከመኪና አቆሚነት ተነስቶ የአምስት ጋራዥ ኃላፊ የሆነ ጓደኛ አለኝ፤ ሥራውን ይወደዋል። እኔ ያቺን ክፍል መርጫት አላውቅም፤ ሳላስበው ኖርኩባት።

ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ መጀመሪያ የውጭ ዲግሪን ከአሜሪካው ጋር ለሚያመዛዝን ድርጅት ሰጥታችሁ አስገምግሙት። እኔ ከዜሮ እጀምራለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንደ አሜሪካ ባችለር ተቆጠረልኝ። የጎደለኝ የዚህ አገር ታክስና የንግድ ሕግ ነበር። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማታ ማታ ወሰድኳቸው። የመጀመሪያው ቀን አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ «አስተማሪው መስለኸኝ ነበር» አለኝ።

ዲግሪ የሌላችሁ ደግሞ እኔ ያላገኘሁት ዕድል አላችሁ። ፔል ግራንት ይባላል። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ኖሮት ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ የፌደራል መንግሥት የሚሰጠው፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። በ2024/25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ባችለር ላለው ሰው አይሰጥም፣ ዲግሪው የአገር ቤት ቢሆንም። የሚሞላው ቅጽ ፋፍሳ ነው፤ በነፃ ነው፤ «ከፍለኸኝ ልሙላልህ» የሚላችሁን እለፉት። ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆናችሁ የምትሠሩ እህቶቼ፣ አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) የሚያደርሰው ትምህርትም እዚያው ኮሌጅ አለ።

እኔን ከሁሉ የከበደኝ የሲፒኤ ፈተና፣ ማለትም ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ለመሆን የሚታለፈው፣ ነው። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱን ለማለፍ 75 ያስፈልጋል። ከአራቱ አንዱ በሆነው በኦዲት ላይ 71 አመጣሁ። አራት ነጥብ! መጀመሪያ ፈተናውን ረገምኩ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛዬን። በኋላ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ጉዱ ወጣ። ተማሪ ቤት ሳለን መምህሩን የምንጠይቀው «ፈተናው ከየት እስከ የት ነው?» ብለን ነበር። ኦዲትንም ያጠናሁት በዚያው አመሌ ነው፤ የከበደኝን ምዕራፍ «ይሄ አይመጣም» እያልኩ ዘልዬዋለሁ።

በሁለተኛው ዙር ከዘለልኩት ጀመርኩ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነስቼ፣ ልጆቹ ሳይነቁ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። ጥያቄ በተሳሳትኩ ቁጥር ለምን እንደተሳሳትኩ በአማርኛ እጽፍ ነበር። በእንግሊዝኛ ስጽፈው ራሴን እሸውዳለሁ፤ በአማርኛ አልችልም። 83 አመጣሁ።

ዋጋውን አልደብቃችሁም። ሁለት ዓመት ከማኅበር ቀረሁ፤ «ኮራብን» ተባልኩ። ደብል ስተው ገቢያችን ወረደ፣ አገር ቤት የምልከውንም ቀነስኩ። እህቴ ሁለት ወር አኮረፈችኝ።

ግምገማውን ለመጀመር ያሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እጃችሁ ላይ ያለው የትራንስክሪፕት ኮፒ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አሽጎ ለገምጋሚው እንዲልክ ይጠየቃል። የእኔ አራት ወር ፈጀ፤ ያውም ሬጅስትራር ደጅ የሚጠናልኝ የአክስቴ ልጅ ኖሮ። እናንተም አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ፣ ከዚህ ዛሬ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ደውሉለት። እዚያ ነግቷል።