ያ ባዶ ዳርቻ ተርፎ ይሆን?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሥራ ዳሬሰላም ሳለሁ ከባለቤቴ ጋር ወደ ዛንዚባር ተሻግረን፣ ሰሜን ጫፍ ያለችው ኑንግዊ ሦስት ቀን አሳልፈን ነበር። ከጀልባ ሠሪዎቹ መዶሻ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ያኔ ያነሳሁት ፎቶ እስካሁን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ አንድ ትንሽ ልጅ መዶሻ ይዞ ገና ተሠርቶ ካላለቀ ጀልባ አጠገብ ቆሟል። በቅርቡ ልጃችን በስልኳ ያሳየችን ኑንግዊ ግን ከዳር እስከ ዳር ሆቴል ነው። ባለቤቴን መልሼ እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ሰው ያልነካው የባሕር ዳርቻ እዚያ ተርፎ ይሆን? ወይስ ሐሳቤን ልተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ዛንዚባር የሄድኩት ያንኑ ፍለጋ ስለነበር ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። የ1996ቱን ጸጥታ ኑንግዊ ላይ አያገኙትም። ሆቴሎቹ እዚያ መከማቸታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በኑንግዊና በጎረቤቷ በኬንድዋ ባሕሩ ሲጎድል ብዙም ስለማይሸሽ ጠዋትም ከሰዓትም መዋኘት ይቻላል። አብዛኛው እንግዳ የሚመጣው ለዚሁ ነው።

ምሥራቁ ዳርቻ ሌላ ነው። እዚያ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ጥሎ ይሄዳል። ከእንቅልፍዎ ተነስተው በር ሲከፍቱ ባሕሩ የለም፤ ነጭ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ፣ በጎናቸው የተጋደሙ ንጋላዋ የሚባሉ ባለ ሸራ ጀልባዎች፣ ከሩቅ ደግሞ ኮራሉ (የዛጎል ድንጋዩ) ላይ የሚሰበረው የማዕበል መስመር ብቻ። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል። እኔ ግን እዚሁ ምሥራቅ ዳርቻ ያለችውን የጃምቢያኒን መንደር የኑንግዊ ዕጣ እንዳይደርሳት እስካሁን ያቆያት ይኸው የባሕሩ መሸሽ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ማለዳ ጫማዬን በእጄ ይዤ ውሃው ወደሸሸበት ገባሁ። ባዶ መስሎኝ ነበር። ጥቂት እንደሄድኩ በመደዳ የተተከሉ ችካሎች አየሁ። ከችካል ችካል ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ላይ ደግሞ ቁራጭ ቁራጭ የባሕር አረም ታስሯል። ምዋኒ ይሉታል። አንዲት እናት ካንጋቸውን (የሚያገለድሙትን ባለ ጌጥ ጨርቅ) ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቁጭ ብለው የላላውን ቋጠሮ ያጠብቃሉ። ጣቶቻቸው በጨው ተሸብሽበው ነጥተዋል። ቀና ብለው እግሬን አዩ፤ አንዱን ገመድ ረግጬዋለሁ። አልተቆጡም፤ በእጃቸው "ዞረሽ ሂጂ" አሉኝ።

ሰው ያልነካው ብዬ የገባሁበት ቦታ የእኚህ ሴት እርሻ ነበር።

ሴቶቹ ይህን እርሻ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ብዙዎቹ የራሳቸውን ገንዘብ በእጃቸው የያዙትም በእሱ ነው። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከእሱ የሚወጣው ማወፈሪያ እኛ በምንጠቀምበት የጥርስ ሳሙናና በምንበላው አይስክሬም ውስጥ ይገባል። አሁን ውሃው እየሞቀ፣ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ እየሞተባቸው ነው። የጃምቢያኒ ጎረቤት በሆነችው በፓጄ ደግሞ በካይት፣ ማለትም ነፋስ በሚጎትተው ትልቅ ሸራ፣ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱት እንግዶች ከእርሻው ጋር አንድ ውሃ ይሻማሉ።

እንግዲህ ጃምቢያኒ ወይም እዚያው ምሥራቅ ዳርቻ ባለችው ብዌጁ፣ የመንደሩ ሰው በሚያስተዳድረው ትንሽ ማረፊያ ይረፉ። መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ዋናው የዝናብ ወቅት ስለሆነ ይለፏቸው። ጨረቃዋ ሙሉ ወይም አዲስ በምትሆንበት ሰሞን ባሕሩ ከሁሉ ጊዜ የበለጠ ይሸሻል፤ ሴቶቹም የሚወጡት ያኔ ነው። ከባለቤትዎ ጋር በማለዳ ይውረዱ፤ ገመዶቹን ብቻ አይርገጡ። ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ውሃው ተመልሶ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ይዋኛሉ።

ምኔምባ በምትባለው ትንሽ ደሴት ዙሪያ ኮራል እናሳይዎ የሚሉ ጀልባዎች ግን ይቅርብዎ። ደሴቲቱ የግል ሎጅ ስለሆነች መውረድ አይችሉም፤ ዙሪያዋ ደግሞ በጀልባ የተጨናነቀ ነው። እኔን የወሰደኝ ጀልባ መልህቁን ኮራሉ ላይ ሲጥል ራሴ ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ሲሰበር ሰማሁት፤ ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

ከሁሉም በላይ ጸጥታ ከፈለጉ ከዋናው ደሴት በስተሰሜን ፔምባ አለች። ሆቴሎቿ ጥቂት ናቸው፤ ኮረብታዋ አረንጓዴ ነው፤ በምርት ጊዜ መንገድ ዳር የሚሰጣው ቅርንፉድ ከሩቅ ይሸታል። ብዙው ዳርቻዋ ማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ስለሆነ ግን እንደ ኑንግዊ ያለ ረጅም ነጭ አሸዋ ብዙ አይጠብቁ።

ኑንግዊንም ጨርሰው አይለፏት። ሆቴሎቹ መሃል ጀልባ ሠሪዎቹ ዛሬም አሉ። ፎቶውን ከሳሎን አውርደው ይዘውት ይሂዱና ያሳይዋቸው። ያ መዶሻ የያዘው ልጅ አሁን ወደ አርባው ይሆናል።