ማዕበሉ ሳይደርስ መሣሪያዬን የት ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ነው። ቤቴ ፎቅ የለውም። አንድ ሽጉጥና አንድ የአደን ጠመንጃ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ወለል ላይ በተቀመጠ ካዝና ቆልፌ ነው የማኖረው። ማዕበል እየመጣ ነው ተብሏል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በ2017 ሃርቪ የተባለው ማዕበል የመጣ ጊዜ እኔም እዚሁ ከተማ ነበርኩ። ካዝናዬን አምኜ ወጣሁ። ስመለስ ውሃው ጉልበት ደርሶ ሸሽቷል። ካዝናውን ስከፍተው የውስጡ ስፖንጅ ውሃውን እንደያዘ ነበር፤ ጠመንጃዬ ቀይ ዝገት ለብሷል። አብዛኛው ካዝና የሚሠራው ለሌባና ለእሳት ነው፤ ውሃ ያስገባል።

ዛሬውኑ ጥይቱን አውጣ። ብረቱን በደንብ ዘይት ቀባው። ስፖንጅ ባለው ሳጥን አትተወው፣ እርጥበት ያፍናል። የመለያ ቁጥሩን በስልክህ ፎቶ አንሳና ለዘመድ ላክ፤ ቢሰረቅ ፖሊስም ኢንሹራንስም የሚጠይቁህ እሱን ነው።

መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው ሌባ ፈርቶ ሽጉጡን ትራስ ሥር ያደርጋል። እባክህ አታድርገው! ልጆች በጨለማ ሲደናበሩ እጃቸው የት እንደሚገባ አይታወቅም። ወይ ወገብህ ላይ ይሁን፣ ወይ የተቆለፈ።

ከከተማ የምትወጣ ከሆነ የምታርፍበትን ቦታ ቀድመህ ጠይቅ። የቀይ መስቀል መጠለያ መሣሪያ አያስገባም። መኪና ውስጥ ትቶ መግባትም ለሌባ መስጠት ነው። ውሃ የማይደርስበት አካባቢ የሚኖር፣ ካዝና ያለው የምታምነው ዘመድ ካለህ ዛሬ ማታ ደውልለት።

ውሃ ውስጥ የሰነበተ ጥይት ደግሞ ቢደርቅም አትተኩሰው።