ስለ ወደብና ስለ ካራቫን ማረፊያ በጀት፦ ጥያቄና መልስ

በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ በአካባቢ ምክር ቤት የሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የዛሬው ጉዳይ ምክር ቤት የሚያስተዳድራቸው ወደቦችና የካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ማረፊያዎች በጀት ነው። ምሳሌ የማደርገው የሞሬን የባሕር ዳርቻ ነው፤ የሞሬ ምክር ቤት በኪን፣ በርግሄድን፣ ሆፕማንን፣ ከለንን፣ ፖርትኖኪንና ፊንዶክቲን፣ በድምሩ 6 ወደቦችን ያስተዳድራል። ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ካፒታል ወጪንና (ለዓመታት የሚያገለግል ንብረት ለመግዛት ወይም ለመሥራት የሚወጣውን) መደበኛ ወጪን (በየዓመቱ ሥራ ለማስኬድ የሚወጣውን) አትደባልቁ።

ከኤልጊን፦ ጋሼ፣ የምክር ቤት ካራቫን ማረፊያ በበጋ ጢም ብሎ ይሞላል። ታዲያ ለወደብ ገንዘብ የለም የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሞልቶ ያየኸው በሐምሌ ነው። በጥር ሄደህ እየው። እንግዳ የለም፤ መድን ግን ይከፈላል። የውሃ መስመሩ በብርድ እንዳይፈነዳ ይራገፋል፤ በየማቆሚያው የተተከለችው የመብራት ማገናኛ ሳጥን ሁሉ ትመረመራለች፤ መታጠቢያ ቤቱ ይታደሳል። ማረፊያው በብድር ተሻሽሎ ከሆነ ደግሞ ዋናውና ወለዱ በየዓመቱ ይቆረጣል። ትርፍ የሚባለው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው።

ወደቡን በተመለከተ ነገሩ ያለው አሸዋው ላይ ነው። ማዕበል አሸዋውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ውሃው ሲሸሽ ጀልባዎቹ ጎናቸው ላይ ተጋድመው ይታያሉ። ያን ጊዜ ባለ ጀልባው «የከፈልኩበት ውሃ የታለ?» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሞሬ ለዚህ ሥራ ሴልኪ የምትባል የራሱ የደለል ማውጫ መርከብ አለችው። መርከቧን መግዛት ካፒታል ወጪ ነው፤ በብድር ይቻላል። የሠራተኛው ደመወዝ፣ ነዳጁና ጥገናው ግን መደበኛ ወጪ ነው፤ ባሕሩ ተናውጦ መርከቧ ቆማ ስትውልም ደመወዝ ይከፈላል። የወጣውን አሸዋ ባሕር ላይ ለመጣል እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የስኮትላንድ የባሕር ሕግ መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ደግሞ የደለል ናሙና ምርመራ ይጠይቃል። አሸዋው በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። ስለዚህ ጠረጋን «አንድ ጊዜ እንገላገለው» ብሎ በጀት የሚይዝ ሁሉ ራሱን ያታልላል።

ገቢውስ? የዓሣ ጀልባ የሚከፍለው በአብዛኛው ከሽያጩ በመቶኛ ነው፤ ዓሣ ካልወረደ ክፍያም የለም። በኪ የሞሬ ዌስት የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የጥገና ሠራተኞች መነሻ ስለሆነ ሌላ ገቢ አለው። የመዝናኛ ጀልባ ብቻ የሚቆምባቸው ትንንሾቹ ወደቦች ግን የድንጋይ ግድግዳቸውን የሚያስጠግን ገቢ ከየት ያመጣሉ?

ከአበርዲን፦ ካራቫን ማረፊያው ተሽጦ ወደቡ ይጠረግበት።

ከግላስጎው፦ የሕዝብ መሬት እንዴት ይሸጣል? ዛሬ ሸጠን ነገ ምን ልንበላ ነው?

ከአበርዲን፦ ምክር ቤት የሆቴል ሥራ ውስጥ ምን አገባው?

መልስ፦ ሁለታችሁም መጀመሪያ መዝገቡን እዩ። መሬቱ የድሮው ከተማ የጋራ ሀብት ከሆነ ሒሳቡ ለብቻው ይያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የማኅበረሰብ አቅም ማጎልበቻ ሕግ ደግሞ ከመሸጡ በፊት ሕዝቡን ማማከር ግዴታ ነው። የጋራ ሀብት ባይሆንም የሽያጭ ገንዘብ በመሠረቱ ለካፒታል እንጂ ለዓመታዊ ጠረጋ አይውልም። አሁንም እላለሁ፦ አትደባልቁ።

ከኤደንብራ፦ ወደብ ወደብ ስትሉ አሰብን አስታወሳችሁኝ። እኛ ባሕር አጥተን እዚህ ትንሽ ከተማ ሁሉ…

ከግላስጎው፦ እሱስ እውነት ነው፣ በ1983 ዓ.ም.…

መልስ፦ አሰብ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ቀን ለብቻው እንነጋገርበታለን። ዛሬ በጀት ነው።

ከኢንቨርነስ፦ የጎብኚዎች ቀረጥ የተባለው ካራቫንንም ይነካል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። እ.ኤ.አ. የ2024ቱ የስኮትላንድ ሕግ ምክር ቤቶች በማደሪያ ዋጋ ላይ ቀረጥ እንዲጥሉ ይፈቅዳል፤ ካራቫን ማረፊያም ይካተታል። ሁሉም ይጥላል ማለት አይደለም፤ የሚጥለውም አማክሮ፣ የ18 ወር ጊዜ ሰጥቶ ነው። ዋናው ቁም ነገር ገንዘቡ ጎብኚዎች በሰፊው ለሚጠቀሙባቸው አገልግሎቶች መዋል አለበት። በእኔ እምነት ጎብኚ የሚመላለስበት የወደብ መንገድና መጸዳጃ ቤት ከዚህ ድርሻ ሊጠይቅ ይገባዋል። ምክር ቤቱ ይህን ገንዘብ ሲያገኝ ለእነዚሁ ሲመድብ የነበረውን መደበኛ በጀት በጓሮ በር እንዳያነሳ ግን ንቁ።

ከፐርዝ፦ የካራቫኑ ትርፍ ለምን ለወደቡ አይሰጥም?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብበው ይምጡ።

ከደንዲ፦ በተጨማሪ እሴት ታክስ ላይስ?

መልስ፦ እሱን የግብር ባለሙያ ይጠይቁ።

ከአበርዲን፦ በአጠቃላይ ስለ በጀቱ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ስለ የትኛው በጀት? የየትኛው ወደብ? የየትኛው ዓመት? «በአጠቃላይ» ተብሎ የሚመለስ ነገር የለም።

ከኤልጊን፦ ጋሼ፣ እኛ ነዋሪዎች አስተያየት የምንሰጠው መቼ ነው?

መልስ፦ ዓመቱ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ነው፤ ካውንስል ታክስ (ምክር ቤቱ ከየቤቱ የሚሰበስበው ግብር) እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 11 በፊት መወሰን አለበት። በየካቲት ስትመጣ ቁጥሩ አልቋል። በጥቅምትና በኅዳር ለወረዳህ ተመራጭ ጻፍ፤ የወደቡን የ5 ዓመት የጠረጋ ወጪና ገቢ ጎን ለጎን እንዲያሳዩህ ጠይቅ። አንድ ዓመት ብቻ ካሳዩህ አትቀበል፤ ማዕበል የሌለበትን ዓመት መርጠው ሊሆን ይችላል።